አምስተኛው ደብተር

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለ ልጁ። እጇን ሳይለቅ ጎንበስ አለና በጆሮዋ፣ «ግን ወለላ መጨረሻዋ ምን ሆነ?» ሲል ጠየቃት።

ከበቡሽ እጇን ነጠቀችው። ከጠዋት ወዲህ ይህ አራተኛው ነው። ተማሪው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ የጂንካን ጭቃ እያቦካ ይመጣል፤ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ እግሩን በሣር ይጠርጋል፣ ፊቱን ያጠቁራል፣ አባቷን ይጨብጣል፣ እናቷ ፊት ቆሞ ያለቅሳል። እሷ ዘንድ ሲደርስ ለቅሶውን እዚያው ትቶ የመጽሐፉን መጨረሻ ይጠይቃል። ደግሞ አይፈረድበትም። አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቀው ነገር ነው።

«አላውቅም» አለችው። «ሂድና ንፍሮ ብላ።»

ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ከምሰሶው ሥር የተቀመጡት የጎረቤት ሴቶች ተያዩ። አንዷ «ይህቺ ልጅ ዛሬም አላለቀሰችም» ብላ አንሾካሾከች፤ የእሷ ሹክሹክታ ከአውሮፕላን ሜዳው ማዶ ይሰማል። «ትናንት በቀብሩም ጠብ አላለላትም። አንድ ወንድሟ ሞቶ!»

ከበቡሽ ሰማች። እንድትሰማ ነውና የተናገሩት መስማቷ አያስደንቅም።

የሞተው ተገኝ ዶላሞ ነው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ የጂኦግራፊ አስተማሪ። አባቱ አቶ ዶላሞ ከከተማው በላይ ባለው ተራራ ሥር እንሰትና ጎደሬ እየተከሉ፣ ራሳቸው ፊደል ሳይቆጥሩ፣ ልጃቸውን መምህራን ማሠልጠኛ ድረስ ያስተማሩ የአሪ ገበሬ ናቸው። ልጅየው ተምሮ ሲመለስ አገር ምድሩን እንዲያስተምር ካርታ ሰጡት። እሱ ካርታው ላይ የሌለ ከተማ ጨመረበት።

ነገሩ የተጀመረው ከአራት ዓመት በፊት፣ በ1975 ዓ.ም.፣ ከምሳ በኋላ ባለው ክፍለ ጊዜ ነው። ተማሪዎቹ በሙቀቱ እያንቀላፉ አስቸገሩት። የአፍሪካን ወንዞች ተወና፣ «በዓለም ላይ አንድ ከተማ አለ» አላቸው። «ሕዝቡ ስም የለውም።» ክፍሉ በሙሉ ዐይኑን ገለጠ።

በዚያ ከተማ ልጅ ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላው አደባባይ ላይ ከተሠራው መድረክ ይወጣል። ስሙን ለስም ግምጃ ቤቱ ያስረክባል፤ በምትኩ ቁጥር ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ የገዛ እናቱ እንኳ በስሙ ብትጠራው ትታሰራለች። ወለላ የምትባል ልጅ ታዲያ ስሜን አልሰጥም ብላ ከቤቷ ጠፋች። እንደሷ እምቢ ካሉ አምስት ልጆች ጋር በከተማው የውሃ ማጠራቀሚያ ሥር ተደበቀች። እዚያ ሦስት ሕግ አወጡ። አንደኛ፣ ሁልጊዜ በስማችን እንጠራራለን። ሁለተኛ፣ ያገኘነውን እንካፈላለን። ሦስተኛ፣ ከመካከላችን ተይዞ በሕዝብ ፊት እንዲናገር የተገደደ ልብሱን ገልብጦ ይልበስ፤ ያን ጊዜ ከአፉ የሚወጣው የራሱ ቃል እንዳልሆነ እናውቃለን።

የመጀመሪያው ደብተር ይህ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከተሉ። በእነዚያ ውስጥ ልጆቹ ያመልጣሉ፣ ይራባሉ፣ ይጣላሉ፣ የግምጃ ቤቱን ቁልፍ ይሰርቃሉ፤ አንዳቸውም ስላልተያዙ ሦስተኛውን ሕግ ማንም አላስታወሰውም። በአራተኛው ደብተር መጨረሻ ግን ወለላ ተያዘች። ወታደሮች ወደ መድረኩ ሲነዷት፣ ሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሞ ሲያይ፣ ተገኝ እዚያ ላይ ብዕሩን አስቀመጠ። ተማሪዎቹ ሊያብዱ ደረሱ።

ማተሚያ ቤት አልነበረም፤ ቢኖርም እንዲህ ያለውን አያትምም። መጽሐፉ የሄደው በእጅ እየተቀዳ ነው። ያነበበ ሁሉ አንድ ጊዜ ይቀዳል፣ ለአንድ ሰው ያቀብላል። ከበቡሽ የመጀመሪያውን ብቻ ሰባት ጊዜ ቀድታለች፤ የመሀል ጣቷ ብዕር በሚያርፍበት ቦታ ላይ ጠጥሯል። ጓደኛዋ ብርነሽ፣ የነጋዴው የአቶ ወልደ ጊዮርጊስ ልጅ፣ ጽሕፈቷ ስለሚያምር የእሷን ቅጂ ለማግኘት ተራ ይያዝ ነበር። ደብተሮቹ በበቆሎ ጆንያ ውስጥ ሆነው ዲመካ ደርሰዋል፤ አርቦሬ የተመደበ አንድ አስተማሪ ለከብት ጠባቂዎች በቃል እየተረጎመ ይተርክላቸዋል ይባላል።

በዚህ ዓመት፣ በ1979፣ ለብሔራዊ ውትድርና ተመዝገቡ ሲባል ዐሥራ አንድ ልጆች ሳይመጡ ቀሩ። ቤታቸው ሲበረበር ከአንዱ ፍራሽ ሥር አራተኛው ደብተር ወጣ። ከሁለተኛው ልጅ ቤትም ወጣ። በማግስቱ ተገኝን ጠመኔውን እንደያዘ ከክፍል ወሰዱት።

ቅዳሜ፣ በለቅሶው በሁለተኛው ቀን፣ ጓድ ሸዋንግዛው ራሱ መጣ። የከተማው የፖለቲካ ኃላፊ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሲዘመር የነበረው መዝሙር እንደ ራዲዮ ተዘጋ። የወንጌል አማኞቹ ጸሎት ቤት በመንግሥት ከታሸገ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ከዚያ ወዲህ ጮክ ብሎ መዘመር የተቻለው ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። በዚህ የተነሣ በጂንካ የማያውቁት ሰው ሲሞት እንኳ ለቅሶ የሚደርሰው ብዙ ነበር።

ሸዋንግዛው ባርኔጣውን አወለቀ፤ አቶ ዶላሞን በሁለት እጁ ጨበጠና አጠገባቸው ተቀመጠ። ሞኝ አይደለም፤ ችኩል ነው። ማንበብም ይወዳል፤ ይህ ከባልደረቦቹ ይለየው ነበር።

«አባባ፣ ልጅዎ ተሰጥዖ ነበረው» አለ። «እኔ ራሴ አንብቤዋለሁ። የመጀመሪያዎቹ የልጅ ተረት ስለሆኑ ዘለልኳቸው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ላይ ግን እንቅልፍ ነው የነሣኝ። ችግሩ አቋሙ ነበር። ደስ የሚለው፣ በመጨረሻ ተጸጽቷል።»

አቶ ዶላሞ መሬት መሬቱን ያያሉ።

«አምስተኛውን ጽፎልን ነው የወጣው። ወለላ በፈቃዷ ስሟን ታስረክባለች። ነገ ሣልስት ነው፤ ወጣቱ በሙሉ እዚህ ይሰበሰባል። እኔ በስብሰባ ስጠራቸው ሆዴን አመመኝ ይላሉ፤ ለቅሶ ግን አይቀሩም። ስለዚህ ነገ እዚሁ አነብላቸዋለሁ። ለሟቹም ክብር ነው።»

«ድንኳን ውስጥ?» አሉ አቶ ዶላሞ። ሁለት ቀን ሙሉ ከተናገሩት ይህ ረጅሙ ነበር።

«ድንኳን ውስጥ። በስቴንስል ሦስት መቶ ቅጂ አባዝተናል። ዛሬ ጠዋት ለዲመካና ለቀይ አፈር በመኪና ልከናል።» ተነሣና ሱሪውን አራገፈ። «የተበላሸው በዚሁ መጽሐፍ ነው፤ የሚቃናውም በዚሁ ነው።»

ከበቡሽ ይህን ሁሉ የሰማችው ሰሀን እያጠበች ነው። ሸዋንግዛው እንደወጣ ብርነሽን በክንዷ ይዛ ከጓሮው እንሰት ሥር ወሰደቻት።

«አቃጥለዋለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ደብተሩን ነዋ። ነገ ማንበብ ሲጀምር ነጥቄው የንፍሮው ድስት ሥር እጨምረዋለሁ።»

«ምነው አንቺ ልጅ፣ አበድሽ? ሦስት መቶ አባዝተናል እያለ! አንዱን አቃጥለሽ ምን ልታተርፊ? መታሰር?»

«ልታሰር። በዚህ ቤት ግን አይነበብም። አንቺ አልሰማሽውም፤ እኔ ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ። ወለላን ሸጧታል፣ ብርነሽ። አራት ዓመት እንዳትሰጡ፣ እንዳትሰጡ ሲለን ኖሮ ራሱ ሰጣት። እኔ ዐሥራ አንዱን ልጆች ምን ብዬ አያቸዋለሁ?»

ብርነሽ ከእንሰቱ ቅጠል ጫፍ ቀደደች። እሷም ወሬውን ሰምታለች። «ጽፎላቸዋል» የሚለው ቃል ከተገኝ ሬሳ ቀድሞ ከተማውን ዞሯል። ፊት ለፊት ደፍሮ የተናገረው ባይኖርም ለቅሶው ላይ ይታይ ነበር፤ ተማሪዎቹ መጨረሻውን የሚጠይቁት ስላላወቁ አይደለም፣ ሐሰት ነው በይን ብለው ነው። ከበቡሽ ደግሞ ሐሰት ነው ማለት አልቻለችም።

«ለዚህ ነው የማታለቅሺው?» አለች ብርነሽ ቀስ ብላ።

«አላውቅም። አልመጣልኝም» አለች ከበቡሽ።

የመጣላትስ ሌላ ነገር ነበር፤ ከማክሰኞ ወዲህ የማይለቃት።

ተገኝን ያመጡት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነው። ከታሰረ ሁለት ወር ከዐሥር ቀኑ። ላንድሮቨሯ አጥሩ ሥር ቆመች፤ አንድ ጠባቂ ደግፎ አወረደው። «ቤቱ እንዲታመም ተፈቅዶለታል» አለ። እንዲህ ዓይነት ፈቃድ የታዘዘውን ለፈጸመ እስረኛ እንደሚሰጥ ከተማው ያውቃል። ወባው አናቱ ላይ ወጥቷል፤ ዐይኑ ቢጫ ሆኗል፤ ጥርሱ ይንቀጫቀጫል። ጠባቂው ደግሞ ሰውየውን አስረክቦ አልሄደም። በርጩማ ስቦ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ፤ ሻይ ሲሰጡት ሻይ እየጠጣ፣ የሚባለውን ሁሉ እየሰማ።

ተገኝ የለበሰው እናቱ ወይዘሮ አረጋሽ ከአልዱባ ገበያ ከሳልባጅ ክምር መርጠው የገዙለትን አረንጓዴ ሹራብ ነበር። ገልብጦ ነው የለበሰው። ስፌቱ በውጭ፤ ክርኑ ላይ እናቱ በጥቁር ክር የጠገኑት ቦታ ቋጠሮው ሳይቀር በውጭ።

ከበቡሽ ስትጠብቅ የከረመችውን ጥያቄ መያዝ አልቻለችም። ጠባቂው ቢኖርም ጠየቀችው።

«ጋሼ፣ እውነት ነው? ወለላን መድረክ ላይ አወጣሃት?»

ተገኝ ጠባቂውን አየ። ከዚያ «አወጣኋት» አለ።

«ስሟንስ?»

«ሰጠች።»

ይህን ብሎ እጁን ከብርድ ልብሱ ሥር በመከራ አወጣ። ሹራቡን ደረቱ ላይ ጨምድዶ ወደ እሷ ጎተተው። አንድ ጊዜ፤ ሁለት ጊዜ። ዐይኑን ከዐይኗ አልነቀለም።

ስፌቱ ኮስኩሶት መሰላት። «ገልብጠህ ለብሰኸው እኮ ነው» አለችና ልታወልቅለት ጫፉን ያዘች።

«ተይው» አለ።

«እንዴት ተይው? ጠያቂ ይመጣል፤ ሰው ምን ይላል?» የታመመ ልጅ ገልብጦ ለብሶ ቢታይ እናት አለው አይባልም፤ እህት አለው አይባልም። በዚህ አገር ሰው በጠና ሲታመም መጀመሪያ የሚደረግለት ነገር ልብሱን ማስተካከል ነው። ክንዱን እንደ ሕፃን ከእጅጌው አውጥታ፣ ሹራቡን አቅንታ፣ መልሳ አለበሰችው። ክንዱ ቀጭን ነበር፤ እንዴት ይህን ያህል ቀጠነ ብላ ተናደደች። በእሱም ተናደደች፣ በጠባቂውም፣ በሻዩም ተናደደች። ቁጣዋ ሁሉ ተሰብስቦ እሱው ላይ ወጣ።

«ወለላን ሸጥካት» አለችው።

ተገኝ ዐይኑን ጨፈነ። ከዚያ ወዲያ የተናገረው ሁሉ የትኩሳት ነበር። ሐሙስ ሲነጋ ሞተ። ሹራቡን ዐርብ ከቀብር በፊት አጥባ፣ ማምሻውን አጣጥፋ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠችው።

እሑድ ሣልስት ነው። ዝናቡ ሌሊቱን ጥሎ ጠዋት አቆመ። ድንኳኑ ሞልቶ ተማሪው እስከ አጥሩ ድረስ በጭቃው ላይ ቆሟል። ከተራራው የወረዱ የአሪ ዘመዶች የቡና ቅጠል አፍልተው በየቅሉ አቀረቡ። አሮጊቶቹ አንድ ጥግ ይዘው በራሳቸው ቋንቋ ለሟቹ ይነግሩታል፤ ማን እንደነበረ፣ ሲወለድ ምን ያህል እንደከበደ፣ ስንት ዓመት በእግሩ ተማሪ ቤት እንደተመላለሰ። ወይዘሮ አረጋሽ መሀላቸው ተቀምጠዋል።

ሸዋንግዛው በአራት ሰዓት መጣ። ሁለት ጠባቂዎች አብረውት ነበሩ። የእድሩ ዳኛ አቶ ሀብተ ማርያም ከወንበራቸው ተነሡ። አባታቸው ከሰሜን ከመጡት ሰፋሪዎች ነው፤ እሳቸው ግን ጂንካ ተወልደው ጂንካ ያረጁ ናቸው።

«ጓድ፣ ይሄ የሐዘን ድንኳን ነው» አሉ። «ስብሰባ አይደረግበትም።»

«ስብሰባ አይደለም አባባ። የሟቹን የራሱን ቃል ነው የማነበው። የሟች ቃል ለቅሶ ላይ መስማት ነውር ሆነ እንዴ?»

ሀብተ ማርያም አቶ ዶላሞን አዩ። አቶ ዶላሞ አንገታቸውን ደፉ። የእድሩ ዳኛ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

ከበቡሽ ድስቱ የተጣደበት ጉልቻ አጠገብ ነበረች። እሳቱን ከንጋት ጀምራ ራሷ ነው የምታነደው፤ ማንንም አላስጠጋችም። ከእሳቱ እስከ ሸዋንግዛው ዐሥር እርምጃ ቆጥራለች። ወንድሟ ከሃዲ ሆኖ በገዛ ሰዎቹ ፊት ሁለተኛ ጊዜ ሲሞት ከማየት፣ እሱ የነበረበት ክፍል ውስጥ መታሰርን መረጠች።

ሸዋንግዛው ደብተሩን ከካኪ ፖስታ አወጣ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ተራ ደብተር ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«‹አምስተኛውና የመጨረሻው ደብተር› ይላል።»

ከደጅ የቆሙት ገፍተው ቀረቡ። ያሰቡትን ቢያስቡም መጨረሻውን መስማት ፈልገው ነበር፤ ሰው እንዲህ ነው። ከበቡሽ ከጉልቻው ተነሣች።

«‹በዚያን ቀን አደባባዩ በሕዝብ ተሞልቶ ነበር›» ሲል ሸዋንግዛው አነበበ። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ራሱም ያውቀዋል። «‹ወታደሮቹ ለቀቋት። ወለላ ማንም ሳይነዳት፣ በገዛ እግሯ ወደ መድረኩ ሄደች።›»

አንድ እርምጃ ሄደች። ሁለት። ብርነሽ ቀሚሷን ከኋላ ያዘች፤ አስለቀቀቻት። ሦስት።

«‹ሹራቧን ገልብጣ ለብሳለች። ፊቷ ግን ብሩህ ነበር። ደረጃውን ወጣችና እንዲህ አለች፦ ስሜን በፈቃዴ አስረክባለሁ ...›»

ከበቡሽ ቆመች።

ከዚያ በኋላ የተነበበውን አልሰማችም። ድንኳኑ ውስጥ ከነበሩት ተማሪዎችም የሰማ የለም። ሸዋንግዛው ስለ ቁጥር ጥቅም፣ ስለ ወለላ ጸጸት፣ ሕዝቡ ስላጨበጨበው ጭብጨባ ገጽ በገጽ ያነባል፤ ልጆቹ ግን ያቺ አንዲት ዐረፍተ ነገር ላይ ቀርተዋል። የውሃ ማጠራቀሚያው ሥር። ሦስተኛው ሕግ። የመጀመሪያውን ደብተር በገዛ እጁ ያልቀዳ ከመካከላቸው አልነበረም። አንዱ ሌላውን አየ፤ ሌላው ሦስተኛውን። አንዲት ልጅ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ደፈነች፤ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አይለይም ነበር።

ከበቡሽ የምታየው ሹራብ ነው። አረንጓዴ፤ ስፌቱ በውጭ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ ጎትቶ አሳይቷት ነበር። ሰባት ጊዜ የቀዳችው፣ በቃሏ የምታውቀው ሕግ በእግሩ ቤቷ ሲገባ አላወቀችውም። ይባስ ብላ በገዛ እጇ አቃናችው። አፈረች፤ እንዲያ አፍራ አታውቅም። ከሐፍረቱ ሥር ደግሞ ደስታ ነበር፤ ለቅሶ ላይ የማይገባ፣ የሚያስጮህ ደስታ። አልሸጣትም! ጠባቂ አልጋው አጠገብ ተቀምጦበት እንኳ አልሸጣትም!

ሸዋንግዛው ጨረሰ። ደብተሩን አጠፈና ዙሪያውን አየ። ቁጣ ወይም ለቅሶ ጠብቆ ነበር፤ ያየው ግን ሊገባው አልቻለም። ልጆቹ በሙሉ ዐይናቸው ያበራል።

ብርነሽ ተነሣች። አንገቷን እንደ ጨዋ ልጅ ሰበር አድርጋ፣ «ጓድ፣ በጣም እናመሰግናለን» አለች። «ካልደከመዎት፣ ወለላ ወደ መድረኩ የሄደችበትን ቦታ ይድገሙልን። ከደጅ ያሉት በደንብ አልሰሙም።»

ሸዋንግዛው ደስ አለው። መቼም ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ልባቸውን መሳብ ችያለሁ ብሎ ገጹን ገለጠና፣ ለደጆቹም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመው። «‹ሹራቧን ገልብጣ ለብሳለች። ፊቷ ግን ብሩህ ነበር።›»

«እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ ከደጅ፣ በአንድ ድምፅ።

መጀመሪያ ያደረገው ከአጥሩ ሥር የቆመ አንድ ቀጭን ልጅ ነው። ኮቱን አወለቀ፤ እጅጌዎቹን በረጋ መንፈስ አውጥቶ ገለበጣቸውና መልሶ ለበሰው። ገበሩ ተቀዳዷል፤ ግድ አልሰጠውም። አጠገቡ የቆመው ሸሚዙን ገለበጠ። ከዚያ ሌላው። ልጃገረዶቹ ሹራባቸውን። ብርነሽ የአባቷ ሱቅ ያመጣላትን አዲስ ጃኬት ገልብጣ ስትለብስ የፋብሪካው ጨርቅ ምልክት አንገቷ ላይ ብቅ አለ። የሚሰማው የልብስ ድምፅ ብቻ ነበር።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ ሸዋንግዛው። «ምንድን ነው እላለሁ! ምን ማለታችሁ ነው?»

ጠባቂዎቹ ተጠጉ። አቶ ሀብተ ማርያም እንደገና ተነሡ፤ በዚህ ጊዜ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አጥብቀው ተክለው ነበር። የደብተሩ ነገር ገብቷቸው እንደሆነ እስከ ዛሬ በጂንካ ያከራክራል። አንዳንዱ የልጅ ልጃቸው ደብተር በሣጥናቸው ነበር ይላል።

«ለቅሶ ነው፣ ጓድ» አሉ። «በእኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ነጠላውን ይዘቀዝቃል፤ ሐዘኑ ሲጸና ልብሱንም ገልብጦ ይለብሳል። ልጆቹ አስተማሪያቸው ሞቶባቸዋል። እርስዎም ቃሉን አንብበው ሐዘናቸውን አባባሱት። በዚህ የሚታሰር ካለ ከእኔ ይጀመር፤ ድንኳኑ የእድሩ ነው።»

ሸዋንግዛው ደብተሩን ገለጠ። መጀመሪያውን አየ፤ መጨረሻውን አየ። ያዘዘው ሁሉ አለ፤ ጸጸቱ አለ፣ ቁጥሩ አለ፣ ጭብጨባው አለ። አንድ ነገር እንዳመለጠው ገብቶታል፤ ምን እንደሆነ ግን ያለው እሱ በዘለለው ደብተር ውስጥ ነው። ከድንኳኑ ሲወጣ መንገድ ለቀቁለት። ነገ ማን እንደሚጠራ፣ ማን እንደሚታሰር የሚያውቅ አልነበረም። ይታሰርም ይሆናል። ሦስት መቶው ቅጂ ግን ዲመካና ቀይ አፈር ገብቷል።

መኪናው ድምፁ ሲርቅ ከአሪ አሮጊቶች አንዷ መዝሙሩን አነሣች። ሌሎቹ ተቀበሏት፤ ዛሬ ማንም ድምፁን አልቀነሰም።

ከበቡሽ ወደ ቤት ገባች። ሳጥኑን ከፈተች። ሹራቡ እሷ እንዳጣጠፈችው ነበር፤ ንጹሕ፣ የተስተካከለ፣ ጠያቂ ፊት የማያሳፍር። አወጣችው። እጇን በአንገቱ አስገብታ እጅጌዎቹን አንድ በአንድ ሳበቻቸው፤ የግራው ክርኑ ጋ ተያዘባትና ታገለችው። ስፌቱ ወደ ውጭ ወጣ። ለበሰችው። በጣም ሰፋት፤ የሳሙና እንጂ የእሱ ጠረን አልነበረውም፤ አጥባው ነበርና።

ድንኳኑ ውስጥ ተመልሳ ከእናቷ ጎን ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ወይዘሮ አረጋሽ ማንበብ አያውቁም፤ ደብተርም ወለላም ለእሳቸው የልጃቸው ሥራ እንጂ ሌላ አልነበረም። ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። እጃቸውን ዘርግተው የሹራቡን ጫፍ ያዙ።

«ገልብጠሽ ለብሰሽዋል፣ ልጄ» አሉ በአሪኛ። «ነዪ ላስተካክልልሽ። ሰው ምን ይላል?»

«ተይው፣ እማዬ» አለች ከበቡሽ።

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ የማን እንደሆነ አወቀችው። ሦስት ቀን ሙሉ እምቢ ያላት እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ቀና ብላ፣ ሁሉ እያያት አለቀሰች። ሸሚዛቸውን የገለበጡት ልጆችም እያዩዋት አለቀሱ።

ወይዘሮ አረጋሽ የሹራቡን ጫፍ ለቀቁት። እጃቸው ክንዷን ይዞ ወደ ላይ ሄደና ክርኗ ላይ ደረሰ፤ ራሳቸው ያሰሩትን የጥቁር ክር ቋጠሮ አገኘ። በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ እጃቸውን እዚያው ላይ ተዉት።